የጎርፉን ሂሳብ ማን ይክፈል? የአሜሪካ ግዛቶች የያዟቸው መንገዶች ሲነጻጸሩ

ቤዝመንቴ ውስጥ ውሃ የገባው በአንድ የሐምሌ ሌሊት ነው። ምንጣፉን ጠቅልዬ ጣልኩ፣ ግድግዳው ሻገተ። ኢንሹራንስ ጋ ስደውል «ጎርፍ በዚህ ውል አይሸፈንም» ተባልኩ። ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይጨምርም፤ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ውሉን ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ይህንኑ በሳምንቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ሳወራ፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ ጋሼ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። «ቬርሞንትና ኒው ዮርክ የነዳጅ ኩባንያዎቹን ሊያስከፍሉ ሕግ አወጡ ይባላል። እኛ ሜሪላንዶች ምን እንጠብቃለን?» አሉ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ «ግን ዞሮ ዞሮ ማደያ ላይ ከእኔ ኪስ አይደል የሚወስዱት?»

ነገሩን ለመረዳት ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣውን ጉዳት ለመክፈል ግዛቶች የያዙት መንገድ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የነዳጅ ኩባንያን በሕግ ያስከፍላል። አንዳንዱ ፍርድ ቤት ይገትረዋል። አንዳንዱ በካርቦን ላይ ዋጋ ይተምናል፣ አንዳንዱ ከቱሪስት ይሰበስባል። ምንም ያላደረገው ደግሞ ሳይናገር ግብር ከፋዩን ያስከፍላል። የእርስዎ ግዛት ምክር ቤት ረቂቅ ሲቀርብለት የቱን ይደግፋሉ? እኔ የማያቸው ሁለት ነገሮችን ነው፦ ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል? መቼስ ይደርሳል? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሳ የገባ ከብት

አገር ቤት የሰው ከብት ማሳ ገብቶ እህል ሲበላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሌዎች ይጠራሉ። ማሳውን ዞረው ያያሉ፣ የተበላውን ይገምታሉ፣ ባለከብቱ ካሳ ይከፍላል። «አላየሁም፣ እረኛው ነው» ቢል አያድነውም። ከብቱ የአሥር ሰው ከሆነ ደግሞ እንደየከብቱ ብዛት ይካፈሉታል።

የአየር ንብረት ሱፐርፈንድ የሚባሉት ሕጎች ሐሳባቸው ይኸው ነው። ስሙ የመጣው ከቆየ የፌዴራል ሕግ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ናያግራ ፎልስ ከተማ ላቭ ካናል በሚባል ሰፈር፣ ሰዎች ቤት ሠርተው የሚኖሩት በተቀበረ የኬሚካል ቆሻሻ ላይ እንደሆነ ታወቀ። በ1980 ሱፐርፈንድ የሚባለው ሕግ ወጣ። መርዙን የጣለው ኩባንያ፣ ሲጥለው የከለከለው ሕግ ባይኖርም እንኳ፣ የማጽጃውን ይክፈል አለ። ቬርሞንትና ኒው ዮርክ ያንን ሐሳብ ከመሬት አንስተው ወደ አየር ወሰዱት።

ሁለቱም ግዛቶች የሚያስከፍሉት ትልልቆቹን ብቻ ነው። ሕጉ በሚቆጥራቸው ዓመታት ካወጣው ወይም ካጣራው ነዳጅ ከ1 ቢሊዮን ሜትሪክ ቶን በላይ በካይ ጋዝ የተገኘበት ኩባንያ ይከፍላል። ማደያ ያለው ያገራችን ሰው አይነካም። አንዲት ጥጃ ያለችውን ባላገር ሽማግሌዎቹ አልፈውታል እንደማለት ነው።

ቬርሞንት ወይስ ኒው ዮርክ?

ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። ቀረብ ሲሉ ግን መነሻቸው የተለያየ ነው።

ቬርሞንት ወደ 650 ሺህ ሕዝብ ያላት ትንሽ ግዛት ናት። በሐምሌ 2023 ዋና ከተማዋ ሞንትፒሊየር በጎርፍ ተጥለቀለቀች። በዓመቱ፣ በዚያው በሐምሌ ወር፣ በዚያው ሰሞን፣ የቤሪል አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ሌላ ጎርፍ አመጣ። በሁለቱ ጎርፎች መካከል፣ በግንቦት 2024 መጨረሻ፣ ሕጉ ጸደቀ። አገረ ገዥው ፊል ስኮት አልፈረሙበትም፣ ግን አልከለከሉትምም፤ ያለ ፊርማቸው ሕግ ሆነ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው።

የቬርሞንት ሕግ ቁጥር አልጻፈም። ከ1995 እስከ 2024 የተለቀቀው ጋዝ ግዛቲቱን ምን ያህል እንዳስወጣት መጀመሪያ ይሰላ ይላል። ስሌቱ የግዛቲቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሥራ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ኩባንያ በዓለም ላይ ከተለቀቀው ጋዝ ባለው ድርሻ ልክ ይከፍላል። ማለትም ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ማሳውን ያያሉ። አሮጌው ተረት «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለውን ቬርሞንቶች የሰሙ ይመስል።

ኒው ዮርክ በተቃራኒው ከድምሩ ጀመረች። አገረ ገዥ ካቲ ሆቹል በታኅሣሥ 26 ቀን 2024 የፈረሙት ሕግ 75 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ቆርጧል፤ በ25 ዓመት፣ በዓመት 3 ቢሊዮን። ለሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ በዓመት 150 ዶላር ግድም ይመጣል። የሚቆጥረው ዘመን መጀመሪያ ከ2000 እስከ 2018 ነበር፣ ኋላ በማሻሻያ እስከ 2024 ተዘረጋ።

የቱ ይሻላል? የኒው ዮርኩ ለመረዳት ቀላል ነው። ለመራጭ «75 ቢሊዮን» ማለት ይቻላል፣ ለጋዜጣም ርዕስ ይሆናል። በጀት የሚይዝ ሰውም የሚጠብቀውን ያውቃል። ድክመቱ እዚያው ላይ ነው። ፍርድ ቤት «ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?» ሲል የሚቀርበው መልስ ጠንካራ መሆን አለበት። ግዛቲቱ ጉዳታችን ከዚህ በብዙ ይበልጣል፣ ይህ ከፊሉ ብቻ ነው ትላለች። ሊሆን ይችላል። ግን ዳኛ ፊት ተለክቶ የመጣና ተቆርጦ የመጣ ቁጥር እኩል አይቆምም።

የቬርሞንቱ እርምጃው ዝግ ያለ ነው። ስኮት ራሳቸው ያነሱት ሥጋት ነበር፦ ምክር ቤቱ ለጥናቱ የመደበው 600 ሺህ ዶላር ነው። በሌላ በኩል የቆመው ኤክሶንሞቢል በ2024 ብቻ ከ33 ቢሊዮን ዶላር በላይ አትርፏል። በ600 ሺህ ዶላር የተሠራ ስሌት በዚያ ሁሉ ገንዘብ የተቀጠሩ ጠበቆችን ይቋቋማል ወይ? የእኔ ፍርድ ግን ከቬርሞንት ጋር ነው። አካሄዷ ትክክል ነው፣ በጀቷ ግን አነሰ። አንድ ሌላ ግዛት የቬርሞንትን አካሄድ በኒው ዮርክ አቅም ቢይዘው የተሻለውን ያገኛል።

አከፋፈሉም ይለያያል፣ ይህንን ብዙ ሰው አያየውም። ቬርሞንት ኩባንያው በአንዴ መክፈል ካልፈለገ በዘጠኝ ዓመታዊ ክፍያ እንዲጨርስ ትፈቅዳለች፤ መጀመሪያ 20 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ 10 በመቶ። ኒው ዮርክ ለ24 ጊዜ ትከፋፍለዋለች፤ መጀመሪያ 8 በመቶ፣ ከዚያ 4 በመቶ እያለ ይሄዳል። ገንዘብ ቶሎ ለምትፈልግ ግዛት የቬርሞንቱ ይሻላል። ረጅም ፕሮጀክት ላላት፣ ለምሳሌ የባቡር ዋሻ ከውሃ ለመከላከል ለምታስብ፣ የኒው ዮርኩ ይመቻል።

ኒው ዮርክ በአንድ ነገር ግን ትበልጣለች። ከጥቅሙ ቢያንስ 35 በመቶው ለተጎዱና ለድሃ ሰፈሮች እንዲደርስ ሕጉ ውስጥ አስገብታለች። ይህ ጌጥ አይደለም። በመስከረም 2021 የኢዳ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ኒው ዮርክ ከተማ ላይ ሲዘንብ 11 ሰዎች የሞቱት ቤዝመንት ቤታቸው ውስጥ ነው። የኔ ቤዝመንት ምንጣፍ ነው ያጣው። እዚያ የሚኖሩት በአብዛኛው ኪራይ የከበዳቸው ስደተኞች ናቸው። ገንዘቡ የትኛው ሰፈር ያለውን የፍሳሽ ቱቦ እንደሚያሰፋ ሕጉ ላይ ካልተጻፈ ድምፅ ያለው ሰፈር እንደሚወስደው የታወቀ ነው።

ማደያው ላይ ይጨመር ይሆን?

ወደ ጋሼ ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ። የሕጎቹ ተቃዋሚዎች፣ የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤትና የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ያሉበት ወገን፣ ወጪው ወደ ሸማቹ ይዞራል ይላሉ። ደጋፊዎቹ የሚመልሱት እንዲህ ነው። ክፍያው ላለፈ ሥራ ነው። ኩባንያው ነገ አንድ ጋሎን ጨምሮ ሸጠም ቀነሰም ዕዳው አይለወጥም። የነዳጅ ዋጋ የሚወሰነው በዓለም ገበያ ነው። ከፋዩ ኩባንያ ዋጋ ቢጨምር ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ቶን በታች ሆኖ የማይከፍለው ጎረቤቱ ደንበኛውን ይወስድበታል።

ክርክሩ ለእኔ አሳማኝ ነው፣ ግን ምዬ አልገዘትም። ጥቂት ኩባንያዎች ብቻ የሚያቀርቡለት አካባቢ የተለየ ነገር ሊያይ ይችላል። ቢሆንም «ያለፈ ዕዳ» እና «በጋሎን የሚቆረጥ ታክስ» አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ይጠቅማል። ሁለተኛውን ማየት የሚፈልግ ሲያትል ያሉ ወገኖቻችንን ይጠይቅ።

ዋሽንግተን፦ ቶሎ የሚመጣ ገንዘብ

ዋሽንግተን ግዛት በ2023 በካይ ጋዝ የሚለቁና ነዳጅ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ፈቃድ በጨረታ እንዲገዙ ማድረግ ጀመረች። የመጀመሪያው ጨረታ የካቲት 2023 ላይ ነበር፣ ዋጋውም በቶን 48 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ገንዘቡ ወዲያው ገባ፤ በዚያው ዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ። ሱፐርፈንዱ ክስ ላይ እያለ ይኸኛው የተሰበሰበውን ማከፋፈል ጀምሯል።

ግን ከማን ኪስ? የዚያን ጊዜው አገረ ገዥ ጄይ ኢንስሊ የነዳጅ ዋጋ ላይ የሚጨምረው ሳንቲም ነው ሲሉ ነበር። ዕዳው ገብስ ነው ዓይነት። በሰኔ 2023 ግን የዋሽንግተን ቤንዚን ካሊፎርኒያን አልፎ በአገሪቱ ውዱ ሆነ። ምክንያቱ ይህ ሕግ ብቻ አልነበረም፣ ድርሻ ግን ነበረው። ሲያትል ውስጥ ታክሲና ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የሚገርመው የሚቀጥለው ነው። በኅዳር 2024 ሕጉ ይሰረዝ የሚል ጥያቄ ለሕዝብ ቀረበ። 62 በመቶ ያህሉ አይሰረዝም አለ። ገንዘቡ አውቶቡስ ላይ፣ ትምህርት ቤት ላይ ሲውል ያየ ሰው ታገሰው ማለት ነው።

ሜሪላንድ፣ ኒው ዮርክና ቬርሞንት ራሳቸውም ከ2009 ጀምሮ ከሌሎች የምሥራቅ ግዛቶች ጋር በኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ላይ ተመሳሳይ የፈቃድ ጨረታ አላቸው። ብዙዎቻችን ሳናውቀው መብራት ሂሳባችን ውስጥ አለ። ይህ መንገድ የነገውን ጭስ ይቀንሳል። የትናንቱን ጉዳት ላደረሰው ሰው ግን ሂሳብ አይልክም።

ፍርድ ቤት መገተር

ሌላው መንገድ አዲስ ሕግ ሳያወጡ መክሰስ ነው። ክሱ ብዙ ጊዜ የሚያጠነጥነው በማታለል ላይ ነው። የኤክሶን ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙቀቱ እንደሚጨምር ለአለቆቻቸው ሲነግሩ ነበር፣ ኩባንያው ግን ለሕዝብ ጥርጣሬ ሲነዛ ኖረ የሚል። ከግዛቶች መጀመሪያ የከሰሰችው ሮድ አይላንድ ናት፣ በ2018።

ለእኛ የቀረበው ምሳሌ ባልቲሞር ነው። ከተማዋ የከሰሰችው በሐምሌ 2018 ነው። ዓመታት የፈጀው ዋናው ነገር ሳይሆን «በፌዴራል ፍርድ ቤት ይታይ ወይስ በግዛት?» የሚለው ክርክር ነው፤ እሱ ብቻ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2021 ተመልሷል። በሐምሌ 2024 የግዛቱ ዳኛ ክሱን ዘጉት፣ ከተማዋም ይግባኝ አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ምስክር ሳይሰማ። የኒው ዮርክ ከተማ ክስም በ2021 በፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ወድቋል።

ሁሉም አልወደቁም። የሆኖሉሉ ክስ በ2020 ተጀምሮ የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀጥል አለ፤ በጥር 2025 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኩባንያዎቹን አቤቱታ አልቀበልም አለ። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በግንቦት 2025 ለቦልደር ከተማ ተመሳሳይ በር ከፍቷል፤ ኩባንያዎቹ ግን ነገሩን ወደ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስደውታል። ክስ ሰነድ ያስወጣል፣ ያሳፍራል፣ አንዳንዴም ያስታርቃል። ለዘንድሮ ድልድይ ግን ገንዘብ አይሆንም።

ሱፐርፈንዱስ ከዚህ ያመልጣል? አያመልጥም። የቬርሞንት ሕግ በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ተከሰሰ። በየካቲት 2025 በዌስት ቨርጂኒያ የሚመሩ 22 ግዛቶች ኒው ዮርክን ከሰሱ። በሚያዝያ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እነዚህን ሁለት ሕጎች በስም የሚጠቅስ ትእዛዝ ፈረሙ፣ በግንቦት 1 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ሁለቱንም ግዛቶች ከሰሰ። ክሶቹ ካነሷቸው ነጥቦች መካከል ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ በካይ ጋዝ የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ ወደኋላ ተመልሶ ማስከፈልም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቬርሞንትና ኒው ዮርክ ሁለቱም ያሉት በአንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሥር ነው። በ2021 የኒው ዮርክ ከተማን ክስ የጣለው ያው ፍርድ ቤት። ግዛቶቹ «ያ ክስ ነበር፣ ይህ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ነው፤ ጭስ እየከለከልን ሳይሆን ወጪያችንን እየጠየቅን ነው» ይላሉ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ያም ሆኖ የኒው ዮርክን 75 ቢሊዮን ከአሁኑ በጀት ውስጥ የሚጽፍ ሰው ላም አለኝ በሰማይ እያለ ነው።

ሃዋይ፦ እንግዳው ይክፈል

ሃዋይ በነሐሴ 2023 ላሃይና ከተማ በእሳት ወድማ ከ100 ሰው በላይ አጥታለች። በግንቦት 2025 የሆቴል ማደሪያ ታክሷን በ0.75 በመቶ ጨመረች፤ ከጥር 2026 ጀምሮ በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ይጠበቅበታል። በዚያው ወር ግዛቲቱ ራሷ የነዳጅ ኩባንያዎችን ከሰሰች። ፈጣኑን ገንዘብ ከእንግዳ፣ ዘገምተኛውን ከጥፋተኛ። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ ቱሪስት የሌላት ግዛት ግን ልትቀዳው አትችልም።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

እንግዲህ ከማን ኪስና መቼ ብለን ስንለካቸው፣ ቶሎ የሚደርሰው ገንዘብ ሁሉ ከእኛ ወይም ከእንግዳ ኪስ የሚወጣ ሆኖ አገኘሁት። ከነዳጅ ኩባንያ ኪስ የሚወጣው ገና መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ምርጫው እንደ ችግሩ ይሁን።

ግዛትዎ ለሚቀጥለው ዝናብ ድልድይ መጠገን ካለባት፣ የካርቦን ጨረታ ወይም ቀጥታ ታክስ ነው ያለው። ያኔ የሚጠየቀው ጥያቄ «ለነጂውና ለዝቅተኛ ገቢ ሰው ምን ይመለስለታል?» ነው። ለአሥርና ለሃያ ዓመት የሚያስቡ ከሆነ ሱፐርፈንዱን ይደግፉ፣ ግን በቬርሞንት አካሄድ፣ ለስሌቱ በቂ ገንዘብ ተመድቦለት፣ የኒው ዮርክ የ35 በመቶ አንቀጽ ተጨምሮበት። የማታለሉ ታሪክ በሰነድ እንዲወጣ የሚፈልግ ደግሞ ክሱን ይደግፍ። የሱፐርፈንድ ሕግ «ዋሽታችኋል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ስንት ቶን ብቻ ነው የሚለው።

ሜሪላንድ የት ናት? ኤሊኮት ሲቲ በ2016 እና በ2018 ሁለት ጊዜ በጎርፍ ስትታጠብ አይተናል፤ በሁለቱም ሰው ሞቷል። ምክር ቤቱ በ2025 የሱፐርፈንድ ረቂቁን አሳጥሮ ጉዳቱን የሚያሰላ ጥናት ብቻ አደረገው። አገረ ገዥ ዌስ ሙር በግንቦት የጥናቱን ወጪ ምክንያት አድርገው ረቂቁን ውድቅ አደረጉት። ክርክሩ በዚያ አልቆመም። ብዙ ሰው «ጥናት ብቻ» ሲባል ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ግን ጥናቱን ነው የምፈልገው። ማሳውን ሳያይ የሚፈርድ ሽማግሌ የለም።

ይህን ሁሉ ለጋሼ በሚቀጥለው ቡና ላይ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና፣ «መልካም። ያንተ ቤዝመንት ታዲያ ከየትኛው ነው የሚከፈለው?» አሉኝ።

ከየትኛውም። ውሃ የሚመጠውን ፓምፕ በራሴ ካርድ ገዝቻለሁ። የጎርፍ ኢንሹራንሱንም ጠይቄያለሁ፤ ተፈርሞ 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም ብለውኛል።